ከቀዩ መስመር በላይ

ስለ ዩኒቨርሲቲው ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ መጽሐፍም ተማሪም አይደለም፤ ቀይ እርሳስ ነው። በአስተዳደሩ ሕንጻ መግቢያ፣ በዘበኛው ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ የፊርማ መዝገብ ይቀመጥ ነበር። ጠዋት የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ በመጣበት ተራ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሰዓት ተቆጣጣሪው ከክፍሉ ብቅ ይልና ማስመሪያውን አስተካክሎ ከመጨረሻው ፊርማ ሥር ቀይ መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ በላይ የፈረመ ትጉህ ነው። ከመስመሩ በታች የፈረመ ግን የአሥር ሰው ሥራ ቢሠራም ሰነፍ ነው። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ከመስመሩ በታች የተገኘ ሰው ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ ሦስት ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ይሰናበታል። ማስጠንቀቂያዎቹን በጽሕፈት መኪና የምመታው እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ የንጉሡ ማብቂያ ገደማ ነው፤ ሊያበቃ መሆኑን ግን ያኔ የነገረን የለም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከወላጆቼ ጋር ኮልፌ እኖራለሁ። ታይፒስት ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን መንደሩ በሙሉ “ዩኒቨርሲቲ ገባች” እያለ ሲያወራ እናቴ አላስተባበለችም፤ ተማሪ ሆና ነው ወይስ ሠራተኛ ብሎ የጠየቃትም አልነበረም።

በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ማስታወቂያ እንድመታ ተሰጠኝ። “የሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም” ይላል ርእሱ። “ሠራተኛው ሥራውን በተረጋጋ መንፈስና በላቀ ትጋት ያከናውን ዘንድ” ብሎ ይጀምርና ሕክምና፣ የዓመት ፈቃድ፣ ጡረታ፣ የማታ ትምህርት፣ ሰርቪስ አውቶቡስ እያለ ይዘረዝራል። ደስ ብሎኝ መታሁት። አንድ ፊደል ሳልሳሳት ጨርሼ ወደ ቤት ስሄድ፣ እየተራመድኩ ሳለሁ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ሰርቪስ አለ የተባለው ለማን ነው?

ሰርቪሱ ነበረ፤ አልዋሹም። ሰማያዊ፣ መቀመጫው ለስላሳ የሆነ አውቶቡስ ነው። መንገዱ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ አስተማሪዎቹና የክፍል ኃላፊዎቹ ወደሚኖሩበት ወደ ቦሌ በኩል። አብዛኞቹ ደግሞ የራሳቸው መኪና ነበራቸው። አንድ ጠዋት ሾፌሩን “ዛሬ ስንት ሰው ይዘህ መጣህ?” ብዬ ብጠይቀው “አንድ ትናንት የተረሳ ጃንጥላ” አለኝ። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ነበር።

ከኮልፌ የምንመጣው ዘጠኝ ነበርን። ሁለት ዘበኞች፣ አራት የጽዳት ሴቶች፣ አንድ ተላላኪ፣ እኔና መጽሐፍ ጠራዡ። የከተማው አውቶቡስ ያኔ እኛ ሰፈር ድረስ አይመጣም። መርካቶ ሄደን ተጋፍተን እንዳንሳፈር፣ እዚያ ፌርማታ ላይ የሚያስቆመን ሰዓት በእግር ያደርሰናል። ትንሿ ሴይቼንቶ ታክሲ ለእኛ የሠርግ ቀን ነገር ነው። ስለዚህ እንራመዳለን። በበጋ አቧራ ነው፤ ታልፋለህ። ክረምት ሲሆን ግን የኮልፌ ጭቃ ሰውን ይዞ አይለቅም ነበር። ኮንጎ ጫማችንን አድርገን እንነሳና ደህናውን ጫማ በጨርቅ ጠቅልለን ይዘን፣ ወንዙን በድልድዩ ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን፣ ግቢው በር ላይ ስንደርስ እግራችንን በቧንቧ ታጥበን ጫማ እንቀይራለን። የግቢው ሰው እኛን የሚያየን ጫማ ከቀየርን በኋላ ነው። ጭቃችንን በገዛ እጃችን እየደበቅነው ነበር፤ ያኔ አልገባኝም እንጂ።

ጠራዡ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጥ ነበር። አባባ ነው የምንለው። የሐረር ሰው ነው፤ ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነበር፤ አባቱም ቁርአን ይጠርዝ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የተበጣጠሰውን መጽሐፍ ይሰፋል፤ ጀርባውን በቆዳ ያለብሳል፤ ገጹን ይከረክማል። እሱ የጠረዘውን መጽሐፍ ስትከፍተው በራሱ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ እጅህን አንስተህ ማንበብ ትችላለህ። አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም ነበር፤ የሚያነበው ዐረብኛ ነው። “የማላነበውን ስፍቼ ለሚያነበው እሰጣለሁ” እያለ ይቀልዳል።

ጉልበቱ ግን ከዳው። ቀኝ ጉልበቱ ክረምት ሲመጣ ያብጣል። ከኮልፌ ተራምዶ ሲደርስ ይፈርምና ክፍሉ ገብቶ እግሩን ሳጥን ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። እጁ በብርድ ደንዝዟል። በጥረዛ ሙጫ ደግሞ ሥራ የሚጀመረው ፎርኔሎ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ሳይሞቅ የተቀባ ሙጫ በሳምንቱ ይለቃል። ሙጫውም እጁም እስኪሞቁ ጠዋቱ ይጋመሳል። ድሮ በቀን ሰባት ስምንት መጽሐፍ የሚጨርሰው ሰውዬ ወደ ሦስትና አራት ወረደ። የክፍሉ አለቃ፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት፣ በዓመቱ የሥራ ግምገማ ላይ “የሥራ ትጋቱ ቀንሷል” ብሎ ጻፈበት። እሱንም የመታሁት እኔ ነኝ። ትጋቱ! ሰውየው ከንጋት ጀምሮ ጭቃ ሲወቃ መጥቶ ትጋቱ ቀነሰ። ያን ቀን የመኪናውን ፊደል ስደበድብ አጠገቤ የነበረችው ልጅ “ምን አደረገሽ?” አለችኝ።

አባባ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። እሱ በክረምት ነው የሚቆጥረው። “ሁለት ክረምት ብቻ ካለፈልኝ በቃኝ። ከዚያ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ፀሐይ አሞቃለሁ” ይለኛል። ከሁለቱ ክረምት በፊት ከተሰናበተ ግን ጡረታ የለም፤ ያ ሁሉ ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህም ነው ማመልከቻ እንጻፍ የተባለው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባባ ቤት ተሰበሰብን። የኮልፌ ሰርቪስ ይፈቀድልን ብለን ለአስተዳደር ዲሬክተሩ ልናመለክት ነው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይሆናል! ወረቀቱን ዘርግቼ “ምን ልበል?” አልኩ።

“መጀመሪያ የአባባን እግር ጻፊ” አለች ከጽዳት ሴቶቹ አንዷ።

አባባ እጁን አነሳ። “የእኔን እግር እዚያ ውስጥ እንዳታስገቢ። ልመና አስመሰላችሁት። ደግሞ እግሩ ታሟል ከተባለ ለሥራ አይሆንም ብለው ያሰናብቱኛል።”

“እንግዲያውስ ጭቃውን ጻፊው” አለ ተላላኪው።

“ጭቃ፣ ጭቃ! ዘበኛ ሆኜ ጭቃ ፈራሁ ልል ነው?” አለ ከዘበኞቹ ታላቁ። “ስሚ ልጄ፣ ሰው ደጅ ስትሄጂ መጀመሪያ ሥራሽን ታሳያለሽ። እኛ አንድ ቀን አርፍደን እናውቃለን? አናውቅም! እሱን አስቀድሚ። ታማኞች መሆናችንን ይወቁት፤ ከዚያ እነሱ ራሳቸው አፍረው ይሰጡናል።”

ሁሉም ተስማማ። አርፍደን ይሆናል ብሎ ሊናገር የሚደፍር በዚያ ቤት አልነበረም። ስናረፍድ ቀይ መስመሩ አለ፤ በወረቀት ላይ አመንን ማለት በገዛ እጃችን ገመድ አጠለቅን ማለት ነው። ከዚህም በላይ ይሉኝታችን አይፈቅድልንም ነበር። ተቸገርኩ ብሎ መናገር ነውር ነው፤ ቻልኩት ብሎ መናገር ግን ኩራት ነው። እኔም፣ አንባቢ ሆይ፣ ብዕሬ በጣም ያስደስተኝ ነበር። ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

“እኛ ከኮልፌ የምንመላለስ ሠራተኞች ክረምት ከበጋ፣ ጭቃና ጎርፍ ሳይበግረን፣ ከሥራ ሰዓታችን አንዲት ደቂቃ ሳናሳልፍ በገበታችን ላይ ተገኝተን የተጣለብንን አደራ በትጋት ስንወጣ የኖርን መሆናችንን በታላቅ ትሕትና እንገልጻለን።”

ከዚህ በኋላ ነው፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ሰርቪስ ቢፈቀድልን ብለን እጅ የነሳነው። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ዘበኛው “ይኸውልህ! ይኸ ነው ጽሕፈት!” ብሎ ጉልበቱን መታ። አባባም ራሱን ነቀነቀ። “አንዲት ደቂቃ ሳናሳልፍ” የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ስምንታችን በአማርኛ ፈረምን፤ አባባ በዐረብኛ ፈረመ።

ከዚያ ደጅ ጥናቱ መጣ። በምሳ ሰዓት ተራ በተራ ዲሬክተሩ በር ላይ እንቆማለን። ስብሰባ ላይ ናቸው። ከከተማ ወጥተዋል። ነገ ተመለሱ። ከነገ ወዲያ። ዘበኛው ኮቱን አስተኩሶ እየመጣ በሩ ላይ እንደ ዕቃ ቆሞ ዋለ። አንድ ጊዜ ዲሬክተሩ ሲያልፉ ጎንበስ ብሎ እጅ ቢነሳ “ምነው፣ በርህን ለማን ትተህ መጣህ?” ብለውት ሄዱ። መልስ ሳይመጣ መስቀል አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ።

መልሱ የመጣው በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። የዲሬክተሩ ተላላኪ የእጅ ጽሑፍ የያዘ ወረቀት አምጥቶ “በሦስት ካርቦን ቅጂ ምቺው” አለኝ። ወረቀቱን መኪናው ውስጥ አስገብቼ መምታት ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

“ከኮልፌ የሚመላለሱት ሠራተኞች ራሳቸው በማመልከቻቸው እንደገለጹት፣ ክረምት ከበጋ፣ ጭቃና ጎርፍ ሳይበግራቸው፣ ከሥራ ሰዓታቸው አንዲት ደቂቃ ሳያሳልፉ የሚገኙ ስለሆነ፣ ለተጠቀሰው ሰፈር ተጨማሪ ሰርቪስ መመደቡ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ስለ ትጋታቸው ግን ምስጋና ይድረሳቸው።”

ቃሌ ነው። አንድም ሳይቀነስ፣ ሳይጨመር፣ የእኔው ቃል። ተናደድኩ። ግን በማን ልናደድ? በዲሬክተሩ ልናደድ ስል ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በራሴ ልናደድ ስል ሁሉም ሰው ያን ቅዳሜ ወዶልኛል። ወረቀቱን ይዤ ሳላስበው የዲሬክተሩን በር አንኳኩቼ ገባሁ። ያለ ቀጠሮ መግባት ክልክል ነበር።

“ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሰዓታችን የምንደርሰው ስለሚቀለን አይደለም።”

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። “ወይዘሪት፣ ደርሳችኋል ወይስ አልደረሳችሁም?”

“ደርሰናል ጌታዬ፣ ግን…”

“ካልደረሳችሁ መዝገቡን ላስመጣና የቀረ የዘገየውን እንይ። ከደረሳችሁ ደግሞ አውቶቡሱ ምን ያደርግላችኋል?”

“አንዳንዱ ሰው ደክሞት ነው የሚደርሰው። ሥራውን በሙሉ ጉልበቱ መሥራት አይችልም።”

“ማን ነው እሱ? ጤናው የማይፈቅድለት ሠራተኛ ካለ ስሙን ንገሪኝ። ሐኪም ቦርድ እንልከዋለን፤ ለሥራ ብቁ መሆን አለመሆኑ ይታያል።”

የአባባ ስም ምላሴ ላይ ነበር። “ማንም የለም ጌታዬ” አልኩ። እጅ ነስቼ ወጣሁና ደብዳቤውን በሦስት ካርቦን መታሁት።

ማታ በመንገድ ላይ ለአባባ አነበብኩለት። በትሩን ተደግፎ ቆሞ ሰማኝና “አንዲት ደቂቃ ሳያሳልፉ” የምትለዋ ጋ ስደርስ ቀና አለ። “ይቺን አውቃታለሁ” አለ። ሌሎቹ ሲሰሙ ዘበኛው “ያው ምስጋና ጽፈውልናል” አለ፤ እኔም እዚያው መንገድ ላይ ጮህኩበት። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ላይ ጮህኩ። አባባ ነው ዝም ያሰኘኝ።

ቀጣዩ ክረምት ከባድ ነበር። አባባ የሱብሒ ሶላቱን እንደ ሰገደ ገና ሳይነጋ ይነሳል፤ እኔ በኋላ ተነስቼ ድልድዩ ላይ እደርስበታለሁ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፤ ሁለቱንም እኔ ነኝ የመታሁት። በነሐሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመስመሩ በታች ፈርሟል፤ አንድ ጊዜ ከደገመ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። እኔም ራሴ በዚያው ወር ሁለት ጊዜ አርፍጄ ነበር። ጠዋት ጠዋት የማስበው ይህን ብቻ ነበር።

አንድ ረቡዕ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ድልድዩ ጋ ስደርስ አባባን ከወንዙ ወዲህ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እግሩን ዘርግቷል። በትሩ ጭቃ ውስጥ ወድቋል። በትሩን አንስቼ ሰጠሁትና እጁን ይዤ ላስነሳው ሞከርኩ። ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ጉልበቱ ታጠፈበትና መልሶ ተቀመጠ።

“ትንሽ ልረፍ። አንቺ ሂጂ።”

“ሰው ልጥራ አባባ። ጋሪ ልፈልግ።”

“በዚህ ጭቃ ምን ጋሪ ይመጣል? ሂጂ እንጂ፣ መስመሩ እንዳይቀድምሽ።”

ሄድኩ። ሄጄ ሰው እጠራለሁ አላልኩም፤ ልዋሽ አልፈልግም። ዳገቱን ሩጫ በሚባል ነገር ወጣሁት። ኮንጎ ጫማዬን በር ላይ ሳልቀይር፣ ጭቃውን እየነሰነስኩ ገብቼ ፈረምኩ። ተቆጣጣሪው ማስመሪያውን ይዞ ቆሞ ነበር። ስሜን ጽፌ እንደ ጨረስኩ ከሥሬ ቀዩን አሰመረ። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።

አባባ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ከመስመሩ በታች ፈረመ። ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያና የስንብት ደብዳቤውን በአንድ ቀን መታኋቸው። ወደ ጡረታው አንድ ክረምት ቀርቶት ነበር። ሲወጣ ወስፌውንና መቀሱን ይዞ ሊሄድ ሲል የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው ብለው አስቀሩበት። ወስፌው የአባቱ ነበር፤ ግን ያንንም የሚያረጋግጥ ወረቀት አልነበረውም።

በዓመቱ ሰርቪሱ ኮልፌ መጣ። ማመልከቻችን ፍሬ አፍርቶ እንዳይመስላችሁ። አንድ አዲስ የተሾሙ ትልቅ ሰው ወደ ቀራንዮ በኩል ቤት ሠርተው ገቡ፤ ሾፌራቸው ደግሞ አንድ ሰሞን ታመመባቸው። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊው አውቶቡስ ሰውየውን ጭኖ ከቀራንዮ ተነሳና በእኛ በር ሲያልፍ እኛንም አሳፈረን። ሰውየው ወደ መኪናቸው ከተመለሱ በኋላም አውቶቡሱን የከለከለ የለም። ሁለት ሰዓት ሲል ግቢ ውስጥ ነን። እግር መታጠብ የለ፣ ጫማ መቀየር የለ። የጽዳት ሴቶቹ መዘመር ጀመሩ። እኔም ስህተቴ ቀነሰ፤ ጠዋት እጄ አይደነዝዝም። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ሪፖርት ስመታ “ከኮልፌ የሚመላለሱ ሠራተኞች የሥራ ውጤት ሰርቪስ ከተመደበላቸው ወዲህ በእጅጉ ተሻሽሏል” ይላል። ስመታው ሳቄም ንዴቴም አብረው መጡ። አስተዳደሩ ራሱ ያገኘው ግኝት አስመስሎ ነበር የጻፈው። አዲሱ ጠራዥ የሠራቸው መጻሕፍት ግን በየሳምንቱ ጀርባቸው እየለቀቀ ይመለሱ ነበር፤ ስለ እነሱ ሪፖርቱ ምንም አላለም።

አንድ እሑድ አባባ ቤት ሄድኩ። ከስንብቱ በኋላ በሩን ረግጬ አላውቅም ነበር። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ መርካቶ በተገዛ ወስፌ የሰፈር ልጆችን የትምህርት ደብተር ይሰፋል። ወንበር አስመጣልኝ። ሰርቪስ መጣ ሲባል ሰምቷል፤ አውቶቡሱ በደጁ ነው የሚያልፈው።

“ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?” አለኝ።

“ሁለት ሰዓት።”

በሐሳቡ ሲያሰላ ቆየ። “ግማሽ ሰዓት ይተርፋችኋል ማለት ነው። ሙጫው ይሞቅ ነበር።”

እሱ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ደብተሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

“ልጠይቅሽ ስል ረስቼው” አለ። “ያን ለታ ከድልድዩ የሄድሽው፣ ደረስሽ ወይስ ቀደመሽ?”

“ደረስኩ አባባ። ከመስመሩ በላይ ፈረምኩ።”

“አልሐምዱሊላህ” አለ። ከልቡ ነበር ያለው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።